ከእግር ስብራት በኋላ የትኛው የብስክሌት ፔዳል ይሻላል?

የተሰበርኩት ጅማ ውስጥ፣ ከጅሬን ስወርድ ነው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከኋላዬ ትቼ፣ ቁልቁለቱን በሰላም ጨርሼ፣ ከተማ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ አንድ ባጃጅ ሰው ሊጭን ከፊቴ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ብስክሌቷ ቆመች። ባጃጁን አልነካሁትም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ቀኝ እግሬን ላወርድ ስል ግን አልወርድ አለ።

ፔዳሌ ላይ የነበረው የድሮው ዓይነት ማቀፊያ ነው። ፊቱ የጫማን አፍንጫ የሚያቅፍ ብረት፣ በላዩ ደግሞ የቆዳ ማሰሪያ። ቁልቁለቱ ላይ እግሬ እንዳይንሸራተት ብዬ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጌው ነበር። እሱን ማላላት የሚቻለው ጎንበስ ብሎ በእጅ ነው። እጆቼ ደግሞ ፍሬን ላይ ናቸው። ወደ ቀኝ አጋደልኩ። እኔ ስዞር እግሬ ፔዳሉ ላይ ታስሮ ቀረ። ቅልጥሜ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

በኋላ ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መብራቱ አንስቶ በጣቱ አሳየኝ። ስንጥቁ አጥንቱን አቋርጦ አልሄደም። እንደ ሐረግ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ወርዷል። "ይሄ የምት ስብራት አይደለም፤ የመጠምዘዝ ስብራት ነው" አለኝ። ያን ቀን ቃሉ ብዙም አልገባኝም። ብረትና ብሎን ገብቶልኝ፣ ወራት በክራንች ሄጄ፣ መልሼ ብስክሌቷ ላይ ልወጣ ስዘጋጅ ነው የገባኝ።

ስለ ፔዳል ሲወራ ሁሉም የሚያወራው ስለ መያዙ ነው። እግር እንዳይንሸራተት፣ ዳገት ላይ ጉልበት እንዳይባክን፣ ኮብልስቶን ላይ እግር እንዳይዘል። ጤነኛ እግር ላለው ሰው ይሄ ልክ ነው። የተሰበረ እግር ላለው ግን ጥያቄው ይገለበጣል። ፔዳሉ እንዴት ነው የሚለቀኝ? ለመልቀቅ ከእግሬ ምን ይፈልጋል? የሚፈልገው እንቅስቃሴ እግሬ የተጎዳበት እንቅስቃሴ ራሱ ቢሆንስ? ፔዳሎቹን የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ በርጩማው ላይ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ጅማ ውስጥ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሌለበት ቤት ስለማይኖር ዕቃ አይቸግራችሁም። በርጩማው ላይ ቁጭ በሉ። ጉልበታችሁ በልኩ ይታጠፍ። የእግራችሁን ፊት፣ ከጣቶቹ ሥር ያለውን ወፍራም ክፍል፣ መሬት ላይ ጫን አድርጉት። ከዚያ ፊቱን ሳታነሱ ተረከዛችሁን ብቻ ወደ ውጭ ግፉ። መጀመሪያ በጤነኛው፣ ቀጥሎ በተጎዳው።

ይህቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ጫማን የሚቆልፉ ፔዳሎች ሁሉ ለመልቀቅ የሚጠይቋት ናት። የተጎዳው እግር እንደ ጤነኛው ከዞረ፣ ካላመማችሁም፣ ምርጫችሁ ሰፊ ነው። ቅልጥማችሁ ላይ ወይም ጉልበታችሁ ውስጥ ቁርጥማት ከተሰማችሁ፣ ወይም ተረከዙ ትንሽ ሄዶ ከቆመ፣ የሚቆልፍ ፔዳል ለጊዜው የእናንተ አይደለም። እኔ በ5ኛው ወር ስሞክረው ቀኝ ተረከዜ የሁለት ጣት ያህል እንኳ አልሄደም። የግራዬ አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ሁለተኛው ፈተና ይቀላል። ግድግዳ አጠገብ ቁሙና በተጎዳው እግር ብቻ ግማሽ ደቂቃ ቆዩ። ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሁለቱም ፈተናዎች የሐኪምን ፈቃድ አይተኩም። የቅልጥም ትልቁ አጥንት ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። መግጠሙን የሚያሳየው ራጅ ነው እንጂ የሕመሙ መጥፋት አይደለም። ፊዚዮቴራፒስታችሁን ስትጠይቁም "ብስክሌት መንዳት እችላለሁ?" ብቻ አትበሉ። "እግሬ ተቆልፎ፣ ተረከዜን በኃይል አዙሬ ማስለቀቅ እችላለሁ?" በሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ አይደለም። የእኔ ፊዚዮቴራፒስት ለመጀመሪያው እሺ ብላኝ ለሁለተኛው "ገና ነህ፣ ሁለት ወር ጠብቅ" ብላኛለች።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ሰፈር ውስጥ ወጌሻ ይሻልሃል ያሉኝ ብዙ ናቸው። ለወለምታ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አሉ፤ አልክድም። የተሰበረ ቅልጥም ግን ራጅ ሳይነሳ በቀርከሃ ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰር ደም መሄጃ ያጣል። በዚህ ምክንያት እግራቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ከታሰራችሁ በኋላ ጣታችሁ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

ማሰሪያ ያለው ፔዳል

በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። የብረት ማቀፊያና የቆዳ ማሰሪያ ያለው ፔዳል ማሰሪያው ከጠበቀ እግርን የሚለቀው በእጅ ብቻ ነው። ማሰሪያው ከላላ እግር ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል፤ ግን እንዲህ ከላላ የተገጠመበት ጥቅም የለም። ከእግር ስብራት ለተነሳ ሰው ይህን የሚመክር ካለ አትስሙት። ከብስክሌታችሁ ጋር የመጣም ከሆነ ማቀፊያው በሁለት ትናንሽ ብሎን ነው የታሰረው። ፍቱትና ፔዳሉን ብቻ አስቀሩት።

ማሰሪያ የሌለው ግማሽ ማቀፊያም አለ። የጫማን አፍንጫ ብቻ ይዞ ያቆማል። እግር ወደ ኋላ በቀላሉ ይወጣል፤ መጠምዘዝ አይፈልግም። ክፉ አይደለም። ጫማችሁ ከፊት ሰፊ ከሆነ ግን ይቀረቀራል።

ጠፍጣፋው ፔዳል

ለመመለሻ የመጀመሪያው ምርጫ ይሄ ነው። መውጫው በሁሉም አቅጣጫ ክፍት ነው። እግርን ማንሳት ብቻ ነው። ለመልቀቅ ምንም መጠምዘዝ አይጠይቅም።

ጠፍጣፋ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከተማችን ውስጥ በሚዞሩት የቻይና ብስክሌቶች ላይ ያለው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ፔዳል በደረቁ ደህና ነው። ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ጅማ ደግሞ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የማይለቅ አገር ነው። ኮብልስቶን ላይ እግር ዘሎ ሲወጣ የተጎዳው እግር መሬቱን በድንገት ይመታል። ይሄ የሚያመው አጥንቱን ብቻ አይደለም፤ ሰው ልቡም ይሸሻል።

ሰፊና በላዩ ትናንሽ የብረት ጥርሶች ያሉት ጠፍጣፋ ፔዳል ከዚህ በብዙ ይሻላል። ጥርሶቹ የጫማውን ሶል ነክሰው ይይዛሉ። ለስላሳ የጎማ ሶል ካደረጋችሁ ዝናብ ላይም አይንሸራተትም። ችግሩ አንድ ነው። እግር ሲያመልጥ ፔዳሉ ዞሮ ቅልጥምን ይመታል። ቅልጥም ላይ ሥጋ የለም፤ ቆዳና አጥንት ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ቆዳ ሥር ብረት አለኝ። አንድ ቀን ቦሳ ቂጦ አካባቢ አንዱ ጥርስ ጠባሳዬ ላይ ሲያርፍ ከብስክሌቷ ወርጄ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ነው ያገገምኩት። ከዚያ ወዲህ ኳስ ተጫዋቾች ካልሲ ውስጥ የሚያደርጉትን የቅልጥም መከላከያ አደርጋለሁ። ጥርሱ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ፔዳልም አለ። እንደ ብረቱ አጥብቆ አይነክስም፤ ሲመታም እንደ ብረቱ አይቆርጥም። ቅልጥሙ ላይ ብረት ላለበት ሰው እሱን አስቀድማለሁ።

ጠፍጣፋ ፔዳል ሌላም ጥቅም አለው። እግርን ወደፈለጋችሁበት ታደርጉታላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፔዳሉን በጣቶቼ ሥር ሳይሆን በእግሬ መካከል ነበር የምረግጠው። እንዲህ ሲሆን ባትና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚደርሰው ጫና ይቀንሳል። ሲሻላችሁ ቀስ በቀስ እግሩን ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ።

ጫማን የሚቆልፈው ፔዳል

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የዚህ ፔዳል አባት የበረዶ ሸርተቴ ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት የሸርተቴ ጫማ ማያያዣ ይሠራ ነበር። ሸርተቴ ላይ የወደቀ ሰው እግሩ እንዳይሰበር ማያያዣው በውድቀቱ ኃይል ራሱ እንዲለቅ ነው የሚሠራው። ድርጅቱ ያንኑ ዕውቀት በፈረንጆቹ 1984 ወደ ብስክሌት አመጣው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናርድ ኢኖ በዚያ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን ትልቅ የብስክሌት ውድድር አሸነፈ። የጃፓኑ ሺማኖ ደግሞ በ1990 ኤስፒዲ የሚባለውን፣ ለጭቃና ለእግር ጉዞም የሚሆነውን፣ አወጣ።

ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ የተሳሳተ እምነት ይዞ መጥቷል። ሰዎች "ስትወድቅ ራሱ ይለቅሃል" ይላሉ። ሁልጊዜ አይለቅም። የሸርተቴው ማያያዣ ኃይሉን አይቶ ይለቃል። የብስክሌቱ ፔዳል ግን በዋናነት እናንተ ተረከዛችሁን ወደ ውጭ እስክታዞሩ ይጠብቃል። ቆማችሁ በቀስታ ወደ ጎን ስትወድቁ፣ ልክ እኔ እንደወደቅኩት፣ ካላዞራችሁ ላይለቅ ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛው ፍሎት የሚሉት ነው። ጫማው ሳይለቅ ተረከዙ ወዲህና ወዲያ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ማለት ነው። የተሰበረ ቅልጥም ሲገጥም ትንሽ ዞሮ ሊገጥም ይችላል። የእኔ ቀኝ እግር አሁን ጣቱ ከድሮው ይልቅ ወደ ውጭ ያያል። ፍሎት የሌለው ፔዳል እንዲህ ያለውን እግር በማያውቀው አቅጣጫ ቀፍድዶ ይይዘዋል። ውጤቱ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበት ላይ ይወጣል። ኤስፒዲ 4 ዲግሪ ያህል ፍሎት አለው። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ሁለተኛው የሚለቅበት አቅጣጫ ነው። ጫማው ሥር የሚታሰረው ትንሽ ብረት ክሊት ይባላል። ሺማኖ ለኤስፒዲ የሚሠራቸው ሁለት ዋና ክሊቶች አሉ። ኤስኤች 51 የሚለቀው ተረከዝ ወደ ጎን ሲዞር ብቻ ነው። ኤስኤች 56 ግን እግር ወደ ላይ በኃይል ሲነጠቅ ወይም ሲያጋድልም ይለቃል። ፔዳሉ ያው ነው፤ የሚለያየው ክሊቱ ነው። ብዙ ጊዜ አዲስ ፔዳል ካርቶን ውስጥ የሚመጣው 51ኛው ነው፤ ስለዚህ 56ኛውን ለብቻው መጠየቅ አለባችሁ። ቁጥሩ ክሊቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

56ኛው ዋጋ ያስከፍላል። ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስታችሁ ፔዳሉን ወደ ላይ ስትስቡ ሳትፈልጉት ሊለቅ ይችላል። የአጋሮን መንገድ የሚያውቅ ዳገት ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ መፍትሔዬ ዳገትን ቁጭ ብሎ መውጣት ነው። ትንሽ ፍጥነት ይቀንሳል። መጠምዘዝ ለተሰበረ ቅልጥም ግን ሌላ መውጫ ያለው ክሊት ከፍጥነት ይበልጣል።

ሦስተኛው የሞላው ጥብቀት ነው። የኤስፒዲ ሞላ በትንሽ አለን ቁልፍ ይላላል፣ ይጠብቃል። አብዛኞቹ ባለ 3 ሚሊሜትሩን ይፈልጋሉ። ይህን ያስተማሩኝ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ብስክሌት የሚጠግኑ አባት ናቸው። ፔዳሉን አዲስ እንደመጣ ወሰድኩላቸው። በሁለት ጉልበታቸው መሃል ያዙት፣ ክሊቱን በእጃቸው አስገብተው በካቻቪቴ ጫፍ አዞሩት። ጠብቆ ቆይቶ "ቀጭ!" ብሎ ወጣ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ ይሄ ሞላ ለጤነኛ እግር ነው የተሠራው። ያንተን እግር እንጠይቀው።"

ብሎኑን ወደ ግራ ማዞር ጀመሩ። በየጥቂቱ እየቆሙ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። በእያንዳንዱ እርከን ትንሽ "ጠቅ" ይላል። እኔም እነዚያን ጠቅታዎች እቆጥራለሁ። መጨረሻው ላልቶ ሲቆም "አሁን ጫማህን አድርግና እየው" አሉኝ። ተረከዜን ገፋሁ። ያለ ሕመም ወጣ። እንደጨረስን መስሎኝ ልነሳ ስል ፔዳሉን ገለበጡት። ለካ ኤስፒዲ ሁለት ፊት አለው፤ እያንዳንዱ ፊት የራሱ ሞላ። ሁለት ፔዳል፣ አራት ሞላ። አንዱን ረስቶ ሦስቱን ያላላ ሰው አንድ ቀን ያልላላው ፊት ይደርሰውና ልክ መውጣት ሲፈልግ ይይዘዋል። አራቱንም እኩል አድርጉ። ስንት ጠቅታ እንዳላላችሁ ጻፉት።

ሳያላሉ የሚነዱ ሰዎች "ከላላ ይወጣል" ይሏችኋል። ይውጣ። በእኛ ሁኔታ ያለጊዜው መውጣት ሳይወጡ ከመቅረት ይሻላል።

ጭቃው ሲመጣ

ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰርቦ ከአስፋልት ወጣ ብለው የሚነዱ ሰዎች ቀዩን ጭቃ ያውቁታል። ጫማ ሥር ገብቶ ይጋገራል። ክሊቱን ከቦ ሲደርቅ እንደ ጡብ ነው። ጭቃ የሞላበት ኤስፒዲ ሲገባም ያስቸግራል፣ ሲወጣም ይከብዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተቆለፈ ይመስልና ያልተቆለፈ መሆኑ ነው። ገፍታችሁ ስትነሱ እግር ሸርተት ይላል።

ለጭቃ የሚሻለው ክራንክ ብራዘርስ የተባለው ድርጅት ፔዳል ነው። ቅርጹ እንቁላል መምቻ ይመስላል። አራት ፊት አለው፤ ክፍት ስለሆነ ጭቃው ያልፍበታል። የሞላው ጥብቀት አይስተካከልም፤ ይሄ ለእኛ ጉድለት ነው። በምትኩ ክሊቱ ምርጫ ይሰጣል። መደበኛው ክሊት ግራና ቀኙን በመቀያየር በ15 ወይም በ20 ዲግሪ እንዲለቅ ይደረጋል። በቀላሉ እንዲለቅ የተሠራው ሌላኛው ክሊት ደግሞ በ10 ዲግሪ ይለቃል። ለማነጻጸር ያህል ኤስፒዲ በ13 ዲግሪ ገደማ ነው የሚለቀው። በበርጩማው ፈተና ተረከዛችሁ ብዙ ካልሄደ ይህቺ የ3 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ እንዳትመስላችሁ። ክሊቱ ግን ከናስ የተሠራ ስለሆነ ከሺማኖው ብረት ቀድሞ ያልቃል። ለመቀየሪያ ሌላ ጥንድ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

እኔ አሁንም በኤስፒዲ ነኝ፤ ምክንያቱም ሞላውን ማላላት እፈልጋለሁ። ለጭቃው መፋቂያ እይዛለሁ። ያው ጥርስ የምንፍቅበት እንጨት ነው። ጫፉን ሹል አድርጌ ክሊቱ ዙሪያ ያለውን ጭቃ እቆፍርበታለሁ። ብረት ስላልሆነ ክሊቱን አይጭርም።

የእሽቅድምድም ፔዳል

ሰፊ የፕላስቲክ ክሊት ያለውን፣ የብስክሌት ተወዳዳሪዎቹ የሚጠቀሙበትን፣ አልመክርም። ክሊቱ ከሶል ወጥቶ ስለሚታይ ወርዶ መሄድ ያስቸግራል። ኮብልስቶን ላይ በዚያ ጫማ የሚራመድ ያገገመ እግር ለወለምታ የተዘጋጀ ነው። የኤስፒዲ ክሊት ሶሉ ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ እንደ ተራ ጫማ ያስኬዳል።

ከዚህ ዓይነት ሳልባጅ የምትገዙ ከሆነ ግን የቀለሙን ነገር ልንገራችሁ። ሉክ ኬኦ በሚባለው ጥቁሩ ክሊት ፍሎት የለውም፣ ግራጫው 4.5 ዲግሪ፣ ቀዩ 9 ዲግሪ አለው። በሺማኖው የእሽቅድምድም ክሊት ቀዩ ምንም ፍሎት የለውም፣ ሰማያዊው 2፣ ቢጫው 6 ዲግሪ አለው። ማለትም ቀይ በአንዱ ዘንድ ከሁሉ ነጻው ነው፣ በሌላው ዘንድ ከሁሉ የታሰረው። "ቀዩን ግዛ ተብያለሁ" ብሎ የሚሄድ ሰው የማን ቀይ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

አንዱ ጎን ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎን ቆላፊ

ይህን ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ፔዳሉ በአንድ ፊቱ ተራ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲገለበጥ ኤስፒዲ ነው። ከተማ ውስጥ፣ ባጃጅ በበዛበት መርካቶ አካባቢ፣ ጠፍጣፋውን እረግጣለሁ። ከከተማ ወጥቼ መንገዱ ሲከፈት እገለብጠዋለሁ። በአንድ ዕቃ ሁለት የማገገሚያ ደረጃ አለ፤ ዛሬ ዝግጁ ባትሆኑ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ መግዛት የለባችሁም። ጉድለቱ ፔዳሉን ሳታዩ በትክክለኛው ፊት መርገጥ ማስቸገሩ ነው። ይለመዳል።

ከዚሁ ጋር የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። "ጤነኛውን እግር ልቆልፍ፣ የተጎዳውን በጠፍጣፋው ልተወው" የሚል። እኔም አስቤው ነበር፤ ሞክሬዋለሁም። ስሙኝ። ድንገት ስትቆሙ መሬት የሚረግጠው ነጻ የሆነው እግር ነው። ጤነኛውን ከቆለፋችሁ፣ የመላ ሰውነታችሁን ክብደት በድንገት የሚቀበለው ያ የተጎዳው እግር ይሆናል ማለት ነው። ላይ የጠቀስኩት በአንድ እግር የመቆም ፈተና ለዚህ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያልቆመ እግር ድንገተኛ ክብደት አይችልም። እሱ እስኪጠነክር ሁለቱም ነጻ ይሁኑ። ከተቆለፈም የተጎዳው ተቆልፎ ጤነኛው ነጻ መሆኑ ሳይሻል አይቀርም፤ ግን ያኔ ወደ ተጎዳው ጎን ብትወድቁ የእኔው ታሪክ ይደገማል። ስለዚህ እኔ ሁለቱም ነጻ ወይም ሁለቱም ላላ ብለው የተቆለፉ እንዲሆኑ ነው የምመክረው።

ሲገዛና ሲገጠም

ጅማ ላይ ጫማና የሚቆልፍ ፔዳል በቀላሉ አላገኘሁም። የእኔን ያመጣልኝ ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው። እንዲህ የምታስመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ የፔዳላችሁን ብሎን ውፍረት ለኩ። የአብዛኛው ብስክሌት ፔዳል ብሎን ውፍረቱ 14.3 ሚሊሜትር ያህል ነው። አንዳንድ ርካሽና የልጆች ብስክሌቶች ግን 12.7 ሚሊሜትሩን ነው የሚይዙት። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ሲፈታ የግራው ፔዳል ተቃራኒ ነው። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ይፈታል፤ የግራው ግን ሌላ ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ይህን የማያውቅ ሰው በኃይል ታግሎ የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ሲገጠም መጀመሪያ በጣት አስገቡት፣ ግራሶ ቀቡት፣ ከዚያ በ15 ቁልፍ አጥብቁት።

ከስብራት በኋላ አንዱ እግር ትንሽ ሊያጥር ይችላል። ሐኪማችሁ ለክቶ ልዩነት ካለ በክሊቱና በሶሉ መካከል ስስ ማካካሻ ይገባል። በጠፍጣፋ ፔዳል ከሆነ ጫማ ውስጥ ንጣፍ ይጨመራል። ኮርቻውን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርጉት። ቁጭ ብላችሁ የእግራችሁ ፊት መሬት ከነካ ይበቃል። ሲሻላችሁ ከፍ ይላል።

ልምምዱን አትዝለሉት። እኔ ግድግዳ ይዤ፣ ብስክሌቷ ቆማ፣ በቀን 50 ጊዜ ገብቼ እወጣ ነበር። ፔዳሉን ታች አድርጋችሁ አስለቅቁ። እግር ሲዘረጋ መዞሩ ከዳሌ ስለሚመጣ ጉልበት ይቀልለዋል። ከዚያ የኳስ ሜዳ ሣር ላይ በቀስታ። መንገድ ላይ ስትወጡ ደግሞ ልማዱን ለውጡ። ከመቆማችሁ 20 ሜትር በፊት አንዱ እግር ከፔዳሉ ይውጣ። ባጃጅ ከፊታችሁ ካለ ሁሌም ሊቆም ነው ብላችሁ ያዙ።

ክሊት ያልቃል። ያለቀ ክሊት አንዴ ሳይያዝ ይወጣል፣ አንዴ አልወጣም ይላል። ዳሩ ተበልቶ ካያችሁት ወይም እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ከወትሮው በላይ ከተወዛወዘ ቀይሩት፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሶሉ ላይ አስምሩ። አዲሱ እዚያው መስመር ውስጥ ይግባ። እግራችሁ የለመደውን ቦታ ፈልጎ ለማግኘት ወራት ፈጅቶበታልና።